በሁለት ፕሮቲኖች መጋጠሚያ ላይ ቁልፍ አሚኖ አሲዶችን ለይቶ የማውጣት ዘዴ

ሁለት ፕሮቲኖች ሲያያዙ ከየወገኑ 20፣ አንዳንዴም 30 የሚሆኑ አሚኖ አሲዶች በመጋጠሚያው ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ትስስሩን በእርግጥ ተሸክመው የሚያቆዩት ግን ከእነዚህ ውስጥ በጣት የሚቆጠሩት ናቸው። በሙያው «ሆትስፖት» የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ እዚህ ቁልፍ አሚኖ አሲዶች እያልን እንጠራቸዋለን። መድኃኒት የሚቀርጽ፣ ክትባት የሚያጠና ወይም አንድ ሚውቴሽን (የአሚኖ አሲድ መቀየር) ለምን በሽታ እንደሚያስከትል የሚጠይቅ ሰው በመጀመሪያ የሚያስፈልገው እነሱን ማወቅ ነው። መመሪያው የተጻፈው በተለይ ጅማ ላይ ሆነው በዚህ ርዕስ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያቸውን ለሚሠሩ ተማሪዎች ነው። በእጃቸው ያለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላፕቶፕና የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ሲሆን፣ ለሥራው የመጀመሪያ ምዕራፍ ይኸው ይበቃል።

አስቀድሞ መጥራት ያለበት አንድ ነገር አለ። ቁልፍ አሚኖ አሲድ የሚባለው ከባልንጀራው ፕሮቲን ጋር እጅግ ተቀራርቦ የተቀመጠው ወይም ብዙ አተሞችን የሚነካው አይደለም፤ ሲወገድ ትስስሩን አብዝቶ የሚያላላው ነው። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚታየው ቅርበት ሲሆን የሚፈለገው ግን ጉልበት ነው፤ በመመረቂያ ጽሑፎች ላይ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት እነዚህን ሁለቱን ከማምታታት ነው።

ጉዳዩን ግልጽ ያደረገው የሰው የእድገት ሆርሞን ጥናት ነው። በ1989 ካኒንግሃም እና ዌልስ አላኒን ስካኒንግ የተባለውን ዘዴ በዚህ ሆርሞን ላይ አሳዩ፤ ዘዴው አሚኖ አሲዶቹን ተራ በተራ ወደ አላኒን እየቀየረ በእያንዳንዱ ለውጥ ትስስሩ ምን ያህል እንደላላ ይለካል። አላኒን የተመረጠው የጎን ሰንሰለቱን፣ ማለትም አንዱን አሚኖ አሲድ ከሌላው የሚለየውን ክፍል፣ ከመጀመሪያ ካርቦኑ (ከቤታ ካርቦን) ወዲያ ያለውን ቆርጦ ስለሚጥል፣ የዋናውን ሰንሰለት አቋም ግን ብዙም ስለማይነካ ነው። ግላይሲን ከአላኒንም ያንሳል፤ ነገር ግን ዋናውን ሰንሰለት ከሚገባው በላይ ስለሚያላላው፣ የታየው ለውጥ ከጎደለው የጎን ሰንሰለት ይሁን ከላላው አቋም ለመለየት ያስቸግራል። በ1995 ደግሞ ክላክሰን እና ዌልስ የሆርሞኑን ተቀባይ ፕሮቲን በዚሁ ዘዴ ፈተሹ። ከየወገኑ 30 ያህል የጎን ሰንሰለቶች የሚነካኩበት መጋጠሚያ ሆኖ ሳለ፣ ከትስስሩ ጉልበት ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነውን የያዘው በመሐል ያለ ውኃ ጠል ቦታ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያም ቦታ ላይ የበላይ የሆኑት ሁለት ትሪፕቶፋኖች፣ ማለትም 104ኛውና 169ኛው ናቸው። ዙሪያቸውን ካሉት ብዙዎቹ ወደ አላኒን ሲቀየሩ ግን ትስስሩ እምብዛም አልተናጋም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፤ ቀላል ቢሆንም ካልተያዘ የቀረው ሁሉ ትርጉም አይኖረውም። የትስስር ጥንካሬ የሚለካው በመለያያ ቋሚው፣ በተለምዶ ኬዲ በምንለው ቁጥር ሲሆን ኬዲ ባነሰ ቁጥር ትስስሩ ይጠብቃል። የሚውቴሽኑን ጉዳት ለማስላት የተቀየረውን ፕሮቲን ኬዲ ባልተቀየረው ኬዲ ያካፍሉ፣ የድርሻውን ናቹራል ሎጋሪዝም ይውሰዱ፣ ከዚያም በ0.593 ያባዙ። ይህ ቁጥር በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋዝ ቋሚው ከሙቀቱ ጋር ሲባዛ የሚገኘው ሲሆን ውጤቱን በኪሎካሎሪ በሞል ይሰጣል። ለምሳሌ ኬዲው ከ1 ናኖሞላር ወደ 30 ናኖሞላር ካሻቀበ፣ የ30 ናቹራል ሎጋሪዝም 3.4 ስለሆነ ጉዳቱ 2.0 ኪሎካሎሪ በሞል ይሆናል። አሥር እጥፍ መላላት 1.4 ገደማ፣ ሁለት እጥፍ መላላት ደግሞ 0.4 ብቻ ነው፤ ይህ የመጨረሻው በብዙ ቤተ ሙከራዎች ከመለኪያው ስህተት ጋር ስለሚቀላቀል ምንም ነገር ሊመሠረትበት አይገባም። በልማድ ቁልፍ ለመባል የሚጠየቀው 2 ኪሎካሎሪ በሞልና ከዚያ በላይ ነው። መስመሩ ሰው ያሰመረው እንጂ ተፈጥሮ ያኖረችው አይደለም፤ 1.9 ያገኘውን ጥሎ 2.1 ያገኘውን ማንገሥ ስለዚህ አያስኬድም።

የትኞቹ አሚኖ አሲዶች ቁልፍ ሆነው እንደሚገኙ ቦጋን እና ቶርን በ1998 ከ2,300 በላይ የአላኒን ለውጦችን ሰብስበው አይተዋል። ትሪፕቶፋን 21 በመቶ፣ አርጂኒን 13.3 በመቶ፣ ታይሮሲን 12.3 በመቶ ሆነው ቀዳሚዎቹን ቦታዎች ይይዛሉ። ምክንያቱ ከኬሚስትሪያቸው ይነበባል። ትሪፕቶፋን ከሁሉም ሰፊ የሆነውን ቀለበታማ የጎን ሰንሰለት ይዞ ብዙ ውኃ ጠል ገጽ ይሸፍናል፣ በናይትሮጅኑም የሃይድሮጅን ቦንድ ይሰጣል። አርጂኒን በአንድ ጊዜ እስከ አምስት የሃይድሮጅን ቦንዶች መስጠት ይችላል፣ ከአሉታዊ ቻርጅ ጋር የጨው ድልድይ ይሠራል፣ ጠፍጣፋ ጫፉም በቀለበታማ አሚኖ አሲዶች ላይ ይነጠፋል። ታይሮሲን ቀለበቱንና ኦኤች ጫፉን አጣምሮ ይዟል። ሊዩሲን፣ ቫሊን፣ ሴሪን እና ትሪዮኒን በአንጻሩ ብርቅ ናቸው።

እነዚሁ ሁለት ተመራማሪዎች ሌላም ነገር አስተውለዋል፤ ቁልፎቹ ዙሪያቸውን በጉልበት ረገድ ተራ በሆኑ አሚኖ አሲዶች ተከበው ይገኛሉ። የዚህ የዙሪያ ቀለበት ሥራ ውኃን ማገድ ነው፤ በቧንቧ መገጣጠሚያ ውስጥ ውኃ እንዳያፈስ እንደሚገባው ክብ ጎማ ማለት ነው። ውኃ ባልገባበት ቦታ የሃይድሮጅን ቦንድም የጨው ድልድይም ይጠነክራል፤ ሁለት ተመሳሳይ አርጂኒኖች አንዱ በመሐል፣ ሌላው በዳር ሆነው የተለያየ ጉልበት የሚሰጡትም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አሚኖ አሲዱን ለብቻው ሳይሆን ከነጎረቤቶቹ ማየት ያስፈልጋል።

ለልምምድ ባርኔዝ እና ባርስታር የተባሉትን ጥንድ ፕሮቲኖች እመክራለሁ። ባርኔዝ 110 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ አርኤንኤን የሚቆርጥ የባክቴሪያ ኤንዛይም ሲሆን፣ 89 አሚኖ አሲዶች ያሉት ባርስታር ደግሞ ባክቴሪያው በገዛ ኤንዛይሙ እንዳይጠፋ የሚያግድለት ነው። ኬዲያቸው 10 ሲነሳ በነጌቲቭ 14 ሞላር አካባቢ ስለሆነ ከሚታወቁት እጅግ ጥብቅ ትስስሮች መካከል ይመደባሉ። ለተማሪ የሚጠቅመው ዋናው ነገር ግን በመጋጠሚያው ላይ ያሉት አሚኖ አሲዶች አብዛኞቹ በቤተ ሙከራ የተለኩ መሆናቸው ነው፤ የራስን ግምት ከእውነቱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ከፕሮቲን መረጃ ቋት ላይ ፋይሉን የሚያወርዱት «1፣ ቢ፣ አር፣ ኤስ» በሚለው ባለ አራት ሆሄ መለያ ነው። ካይሜራ ኤክስ የተባለው የመዋቅር ማሳያ ፕሮግራም ለትምህርት ሥራ በነጻ ስለሚገኝ በእሱ ይክፈቱት፤ ፓይሞልም ያገለግላል።

ፋይሉ እንደተከፈተ ስድስት ሰንሰለቶች ይታያሉ፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ ባርኔዝ ናቸው፣ ዲ፣ ኢ እና ኤፍ ባርስታር። እውነተኞቹ ጥንዶች ኤ ከዲ፣ ቢ ከኢ፣ ሲ ከኤፍ ናቸው። እዚህ ላይ መቸኮል ያስከፍላል። እኔ ራሴ ሥራውን ስጀምር በሌላ ፋይል ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰንሰለቶች ይዤ ሁለት ሳምንት ሠርቼ፣ ሠንጠረዡን ሁሉ ካዘጋጀሁ በኋላ ነው ሁለቱ ሰንሰለቶች የአንድ ፕሮቲን ቅጂዎች መሆናቸውንና የተነካኩት በክሪስታሉ ውስጥ ተደርድረው ስለተቀመጡ ብቻ መሆኑን የተረዳሁት። የበላይ አማካሪዬም አላየውም፣ ረቂቁን ያነበበው ክፍልም አላየውም። ስለዚህ ከማንኛውም ስሌት በፊት የየሰንሰለቱን ስም ከፋይሉ መግለጫ ላይ ያንብቡ፣ ጥንዱንም በወረቀት ላይ ይጻፉ። በዚህ ፋይል ባርስታር 40ኛና 82ኛ ቦታው ላይ ከሲስቲን ይልቅ አላኒን የያዘው ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው ስለቀየሩት ነውና ሲያዩት አይደንግጡ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ውኃን ይመለከታል። ብዙ መመሪያዎች «ውኃውን ሁሉ ሰርዝ» ብለው ይጀምራሉ፤ በዚህ መጋጠሚያ ላይ እንዲያ ማድረግ ጥፋት ነው። በባርኔዝና በባርስታር መካከል ተቀብረው የቀሩ የውኃ ሞለኪውሎች ሁለቱን ወገኖች በሃይድሮጅን ቦንድ የሚያገናኙ ናቸው። የሩቁን ውኃ ያስወግዱ፣ ከሁለቱም ፕሮቲኖች በ4 አንግስትሮም (አንዱ የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው) ርቀት ውስጥ የሚገኘውን ግን ይተዉት። የኤክስሬይ ፋይሉ ሃይድሮጅን ስለሌለው በፕሮግራሙ ይጨምሩና ሂስቲዲኖቹ ሃይድሮጅኑን በየትኛው ናይትሮጅን ላይ እንደያዙ አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ባርኔዝ 102ኛ ቦታው ላይ ያለው ሂስቲዲን በትስስሩ ውስጥ ከዋነኞቹ አንዱ ነውና እዚህ መሳሳት ውጤቱን ያዛባል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሠንጠረዦች ይሠራሉ። የመጀመሪያው ከሌላው ፕሮቲን በ4 ወይም በ5 አንግስትሮም ርቀት ውስጥ አተም ያላቸውን አሚኖ አሲዶች ይዘረዝራል። ሁለተኛው እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ለብቻው ሳለ ለውኃ የተጋለጠው ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከተጣመረም በኋላ ምን ያህል እንደተሸፈነ ያሳያል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ በዳር ያሉትና በመሐል የተቀበሩት ይለያሉ።

እስኪ ባርስታር 39ኛ ቦታው ላይ ያለውን አስፓርቲክ አሲድ አጉልተን እንየው። የጎን ሰንሰለቱ ወደ ባርኔዝ የሥራ ጉድጓድ ዘልቆ ገብቷል፤ በዙሪያው አርጂኒን 83፣ አርጂኒን 87 እና ሂስቲዲን 102 እጃቸውን ዘርግተው ይዘውታል። ቦታው አርኤንኤ ሲመጣ ፎስፌቱ የሚቀመጥበት ነው፤ ባርስታር አሉታዊ ቻርጁን በፎስፌቱ ፋንታ አስቀምጦ ኤንዛይሙን ያታልለዋል ማለት ይቻላል። ሽራይበር እና ፈርሽት ይህን አሚኖ አሲድ ወደ አላኒን ቀይረው 7.7 ኪሎካሎሪ በሞል ጉዳት ለክተዋል። ከላይ ባየነው ስሌት ወደኋላ ሲመለሱ ትስስሩ ከ400,000 እጥፍ በላይ ላልቷል ማለት ነው፤ የተቆረጡት ግን ከቤታ ካርቦኑ ወዲያ ያሉት አንድ ካርቦንና ሁለት ኦክስጅኖች ብቻ ናቸው።

በዚያው ባርስታር ላይ 29ኛው ታይሮሲን ሌላ ነገር ያስተምራል። ወደ አላኒን ሲቀየር ጉዳቱ 3.4 ሆኖ ተለክቷል፤ ወደ ፌኒልአላኒን ሲቀየር ግን ትስስሩ ምንም ያህል አልተነካም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀለበቱ ነው፤ ፌኒልአላኒን ቀለበቱን ይዞ ኦኤች ጫፉን ብቻ ያጣል፣ አላኒን ሁለቱንም ያጣል። እንግዲህ ጉልበቱ ያለው በቀለበቱ ላይ ነው። በስክሪኑ ላይ የሃይድሮጅን ቦንድ መስመር ፈልገን ብቻ ብንፈርድ የተሳሳተውን አተም እናመሰግን ነበር። በበኩሌ አላኒን ብቻውን «የትኛው» ለሚለው እንጂ «ለምን» ለሚለው መልስ አይሰጥም ብዬ አምናለሁ፤ ቁልፉ ከተገኘ በኋላ አንድ ሁለት ለስለስ ያሉ ለውጦችን ማከል ያስፈልጋል።

የሁለት አሚኖ አሲዶችን ጥምር ሥራ ለማወቅ ደግሞ ድርብ ሚውቴሽን ይሠራል። በምናባዊ ቁጥሮች ላስረዳ፦ የመጀመሪያው ለብቻው ሲቀየር 4፣ ሁለተኛው ለብቻው ሲቀየር 3 ኪሎካሎሪ በሞል ቢያጎድል፣ ሁለቱ አብረው ሲቀየሩ 7 ከጎደለ የማይተዋወቁ ናቸው። አብረው ሲቀየሩ የጎደለው 4 ብቻ ከሆነ ግን፣ 3ቱ የጋራ ንብረታቸው ነበር። የየአንዳንዱን ጉዳት ደምሮ «ይህ መጋጠሚያ ይህን ያህል ጉልበት አለው» ማለት ስለዚህ ስህተት ነው፤ የጋራው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

ቤተ ሙከራ በሌለበት አላኒን ስካኒንጉን በኮምፒውተር መገመት ይቻላል፤ ፎልድኤክስ እና ሮዜታ የተባሉት ፕሮግራሞች ለዚህ በስፋት ያገለግላሉ፣ ሁለቱም ለትምህርት ተቋማት በነጻ ይሰጣሉ። በፎልድኤክስ ሲሠሩ መጀመሪያ መዋቅሩን በራሱ የማስተካከያ ትዕዛዝ ያጽዱ፤ ይህ ካልተደረገ በክሪስታሉ ውስጥ የተጣመመ አንድ የጎን ሰንሰለት ቁልፍ መስሎ ይወጣል። አንዱን ሚውቴሽን ቢያንስ አምስት ጊዜ ደጋግመው ያሂዱና አማካዩን ከነልዩነቱ ይመዝግቡ። የምልክቱን አቅጣጫም ያረጋግጡ፤ በአንዳንድ ፕሮግራሞች መላላት በአዎንታዊ፣ በሌሎች በአሉታዊ ቁጥር ይጻፋል። ጅማ ላይ ዝናቡ ሲበረታ መብራት ስለሚሄድ ሥራውን በአንድ ረጅም ትዕዛዝ አያስሩት፤ ከእያንዳንዱ ሚውቴሽን በኋላ ውጤቱ በፋይል እንዲቀመጥ ያድርጉ። ከሁሉም በላይ የሚወጣውን ቁጥር እንደ ቅደም ተከተል እንጂ እንደ ልኬት አይውሰዱት። እነዚህ ፕሮግራሞች ውኃ ጠል ቁልፎችን በተሻለ ሁኔታ ያገኛሉ፤ ቻርጅ ባለባቸውና ውኃ በሚያገናኛቸው ቦታዎች ግን ይደናቀፋሉ፤ ባርኔዝና ባርስታር ደግሞ የዚህ ዓይነቱ ናቸው። ግምትዎን ስኬምፒ ከተባለው የልኬቶች ስብስብ ጋር ሲያስተያዩ የት እንደሚደናቀፉ በዓይንዎ ያዩታል።

የሚያጠኑት ጥንድ በሙከራ የታወቀ መዋቅር ከሌለው አልፋፎልድ የተባለው ፕሮግራም ከአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ተነስቶ የጥምረቱን ግምት ይሠራል። የሰንሰለቶቹን አቀማመጥ አስተማማኝነት የሚያሳየው ቁጥር ከ0.8 በላይ ከሆነ ይቀጥሉ፣ ከ0.6 በታች ከሆነ ያቁሙ፤ በመካከል ያለው በሌላ ማስረጃ ሊደገፍ ይገባል።

በዝግመተ ለውጥ ሳይቀየሩ የቆዩ አሚኖ አሲዶችን ማየት የተለመደ አጋዥ ዘዴ ነው፤ ሆኖም ወጥመድ አለበት። ባርኔዝ ላይ ሂስቲዲን 102 ሳይቀየር የቆየው አርኤንኤ ለመቁረጥ ስለሚያስፈልግ ነው፤ ባርስታር የሚይዘውም እሱኑ ነው፤ ሳይቀየር መቆየቱ ለየትኛው ሥራ ሲባል እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይናገርም። ለፀረ እንግዳ አካላት ደግሞ ዘዴው ጭራሽ አይሠራም፤ መጋጠሚያቸው ለመለዋወጥ የተፈጠረ ነው።

የቦጋን እና ቶርን መቶኛዎችም እንደ ፍርድ መወሰድ የለባቸውም። ፒ53 የተባለው ዕጢ ተከላካይ ፕሮቲን ኤምዲኤም2 ከተባለው ጋር ሲያያዝ የሚጠቀምባቸው ሦስት አሚኖ አሲዶች በ1996 በወጣው መዋቅር ላይ በግልጽ ይታያሉ፦ ፌኒልአላኒን 19፣ ትሪፕቶፋን 23 እና ሊዩሲን 26። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ በሦስት እግሩ የሚቆመውን የጅማ በርጩማ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ከሦስቱ አንዱ ቢቆረጥ የቀሩት ሁለቱ በርጩማውን አያቆሙትም። ብርቅ ነው ያልነው ሊዩሲን እዚህ ከእግሮቹ አንዱ ነው። በ2004 ይፋ የሆኑት ነትሊን የተባሉት ሞለኪውሎች የተሳካላቸው የእነዚህን ሦስት የጎን ሰንሰለቶች ቦታ በመያዛቸው ነው።

በጅማ አካባቢ ወባን የሚያጠኑ ተማሪዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ስለ ፕላስሞዲየም ቫይቫክስም ጥቂት ልበል። ጥገኛው በቀይ የደም ሴል ላይ ያለውን ደፊ የተባለ ፕሮቲን በራሱ አጣባቂ ፕሮቲን ይይዛል፤ በደፊ ላይ 41ኛው ታይሮሲን ሰልፌት ሲጨመርበት ትስስሩ በእጅጉ ይጠብቃል። ይህ ሰልፌት በጂን ቅደም ተከተሉ ላይ አይታይም፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ይዞ መዋቅር የገመተና አላኒን ስካኒንግ ያካሄደ ተማሪ ተራ ታይሮሲን አይቶ ያልፋል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት በፕሮቲኑ ላይ ከተሠራ በኋላ የሚጨመሩ ነገሮች መኖራቸውን ያጣሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ደፊ በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የሌላቸው ሰዎችም በቫይቫክስ ታመው ተገኝተዋልና፣ አንድን መጋጠሚያ መርምሮ ስለ መላው በሽታ መደምደምም አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለልኬት የሚላኩ ሚውቴሽኖችን ይመርጣሉ። ግላይሲንና ፕሮሊንን፣ እንዲሁም በሰልፈር ድልድይ የተያዙ ሲስቲኖችን ይተዉ፤ ሲቀየሩ የፕሮቲኑን አጣጣፍ ስለሚያበላሹ ውጤቱ ስለ ትስስሩ ምንም አይነግርም። በጽሑፍዎ ውስጥም እስኪለኩ ድረስ «በስሌት የተገመቱ» ይበሏቸው። በግምቱ ከላይ የተቀመጡትን ከሦስት እስከ አምስት ይውሰዱ፣ ከዳር ቀለበቱ ምንም ለውጥ አያመጣም ብለው የገመቱትን አንድ ይጨምሩ፣ ከመጋጠሚያው ሩቅ የሆነ አንድ ደግሞ ለማነጻጸሪያ ያክሉ። ሁሉም ከመለካታቸው በፊት በትክክል መታጠፋቸው በሰርኩላር ዳይክሮይዝም፣ ማለትም የፕሮቲንን አጣጣፍ በብርሃን በሚመረምረው ዘዴ፣ ይረጋገጥ። ተማሪዎች ወጪ ለመቀነስ ሲሉ መጀመሪያ የሚሰርዙት ያንን ሩቁን ነው፤ አይሰርዙት። እሱ ሲቀየር ትስስሩ ከላላ ስህተቱ ያለው በፕሮቲኑ አዘጋጀት ወይም በመለኪያው ላይ ነውና፣ የቀሩትን ቁጥሮች ከማንበብዎ በፊት ወደዚያው ይመለሱ።